ሽፍታው ካሳ

መርከብ የሚዘርፈውን ሰው የባሕር ወንበዴ እንለዋለን፤ በዚህ ብዙ ክርክር የለም። የየብሱ ሰው ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይጨበጥም። ከአዳማ እስከ ባቱ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ሽፍታ የሚለውን ቃል ይጋራል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞቻችንን በዚሁ ስም ጠርቷል፤ ኋላም የኬንያ መንግሥት ተውሶ በሰሜን ለተነሡበት ዐማፅያን ሰጠው። የቃሉን ጠባይ አጥርቶ የሚያሳየን ግን የቋራው ካሳ ኃይሉ ሕይወት ነው።

ካሳ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጣለች እያሉ ጠላቶቹ ኋላ ይሰድቡት ነበር። ጎልምሶም ወደ ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። ዘረፈ ወይ? አዎን፥ ዘርፏል። ዳሩ ግን እንደሚተረከው ከዘረፈው ገንዘብ ለገበሬው የእርሻ መሣሪያ መግዣ አካፍሏል፤ ራሱም አርሷል። ወንበዴ ዓይኑ የሰው ገንዘብ ላይ ነው፤ ሽፍታ ግን ከሁሉ በፊት ለገዢ አልገዛም ያለ ሰው ነው። የአንዱ ልብ ሸፈተ ስንል፥ የተዘረፈ አለ ማለታችን አይደለምና።

እቴጌ መነን በጋብቻ ሊይዙት የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት፤ እሱ ግን ተመልሶ ሸፈተ። ቆይቶ ደጃዝማች ተባለ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፥ በዚያው ዓመት በሰኔ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርጎ፥ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። (የእኛም ብዕር እዚህ ላይ አንተን ትቶ ወደ አንቱ መዞሩን አንባቢ ልብ ይበል።)

ንጉሡ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ ዐወጁ። ይህን የሰሙ ወንበዴዎች ቀርበው፥ የአባታቸው ሥራ ዘረፋ መሆኑን ገልጸው ፈቃድ ለመኑ ይባላል። ወደ እርሻ እንዲገቡ ቢመከሩ እምቢ አሉ፤ ፈረሰኛ ተልኮ ፈጃቸው።

የትናንቱ ሽፍታ አሁን ሌላውን ሽፍታ የሚሉ ሆኑ። በጎጃም ተድላ ጓሉ፥ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ አልገዛም አሉ፤ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። እንግሊዞች ሲመጡ ከአገሩ የሚበዛው በንጉሡ ላይ ሸፍቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲሰበር፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አንሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።