ለአጼ ቴዎድሮስ የሞተው እንግሊዛዊ እና ቤሩት የገባችው ልጁ

ከቦሌ ተነስተው ቤሩት የገቡ እህቶቻችንን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ገና አውሮፕላን ሳይኖር፣ አዲስ አበባም ሳትቆረቆር ሊባኖስ የገባች አንዲት የኢትዮጵያ ልጅ ግን ነበረች። ስሟ ሱዛን ቤል ይባላል። ታሪኳ የሚጀምረው ከአባቷ ነው።

አባቷ ጆን ቤል እንግሊዛዊ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በወጣትነቱ፣ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው። ጓደኛው ዋልተር ፕላውደን በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። ቤል ግን የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ለራስ አሊ አደረ፣ የመኳንንት ወገን የሆነች ኢትዮጵያዊት አገባ፣ ልጆች ወለደ። ሰዉም ዮሐንስ ይለው ጀመር።

በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረጉ። ቤል ጌታው ሲወድቅ ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ አልገባም። ለካሣ አደረ። ካሣም በ1847 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ቤልን ደግሞ ሊቀ መኳስ አሉት። ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ጊዜ ጠላትን ለማሳሳት እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚሰለፍ ሰው ነው። በቃ፣ ለንጉሥ የሚመጣውን ጦር በራሱ ላይ መቀበል ነው ሥራው።

በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን ጎንደር አካባቢ በሸፈተው በጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። ጋረድ የንጉሡ ዘመድ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ቴዎድሮስ ጋረድን ሲወጉ ቤልም አብሮ ዘመተ፣ ንጉሡን ሲከላከል እዚያው ወደቀ። ጋረድም በዚያው ውጊያ ሞተ። ንጉሡ በሐዘንና በቁጣ ከእጃቸው የገቡትን የጋረድን ሰዎች በብዛት አስገደሉ። ለቤል የፈሰሰው ደም እሱ ከሞተ በኋላም አላቆመም ማለት ነው።

ሱዛን አባቷ ሳይሞት በፊት ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባል የስዊስ ሚሲዮናዊ አግብታ ነበር። ሰውየው ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ ከሠሩት ፈረንጆች አንዱ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ገባ፣ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። እስቲ አስቡት፦ አባቷ የሞተለትን ንጉሥ የወጋው የአባቷ አገር ጦር ነው። እሷም ከባሏ ጋር ከተወለደችበት አገር የወጣችው ያ ጦር ሲመለስ ነው።

ባልና ሚስቱ መጨረሻ ላይ ሊባኖስ ከተሙ። ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በምትባል ተራራማ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። በኋላም ቤሩት አጠገብ አስፉሪየህ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በአካባቢው አገሮች ከቀደሙት ዘመናዊ የአእምሮ ሆስፒታሎች አንዱ ነው።

እንግዲህ የጆን ቤልን ዘር ልቁጠር የሚል ሰው እንግሊዝ አገር ያለ መዝገብ ብቻውን አይበቃውም። በደብረ ታቦር አልፎ፣ በሴት ልጁ በኩል ሊባኖስ መግባት አለበት። እኛም ዘር ስንቆጥር ብዙ ጊዜ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን በወንዱ በኩል እንወጣለን። በዚህ አቆጣጠር ቢሆን ሱዛን ተረስታ ትቀር ነበር።

እናንተስ በእናታችሁ በኩል እስከ ስንተኛ ትውልድ ትቆጥራላችሁ? የምታውቁትን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የማታውቁትን ደግሞ አያቶቻችሁ በሕይወት እያሉ ጠይቁ።