ፖል ሳይፕል፦ የነፋስን ብርድ በቁጥር ያስቀመጠው አሳሽ

በብርድ ወራት በሰሜን አሜሪካ የሚነገረው የአየር ትንበያ ሁለት ቁጥሮችን ይይዛል። አንደኛው ቴርሞሜትር የሚያሳየው የአየሩ ሙቀት ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ሲታከልበት ብርዱ በሰው ቆዳ ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚገልጽ ሲሆን፣ የነፋስ ቅዝቃዜ ይባላል። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለኑሮ ወደ ቀዝቃዛ አገሮች የሚያቀኑ ዜጎች ይህን ቁጥር ቢረዱት ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ከጉዳት ይጠብቃሉ። ስለሆነም የስሌቱን መሠረት የጣለውን የአሜሪካዊውን አሳሽ የዶክተር ፖል ሳይፕልን የሕይወት ታሪክ ከስሌቱ አሠራር ጋር እንደሚከተለው አቅርበናል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፖል ሳይፕል በ1908 በኦሃዮ ግዛት በሞንትፔሊየር ከተማ ተወልዶ በፔንስልቬንያ ግዛት በኢሪ ከተማ አደገ። በልጅነቱ የስካውት አባል ነበር። በ1928 የባሕር ኃይል መኮንኑ ሪቻርድ በርድ ወደ አንታርክቲካ ሊዘምት ሲነሣ፣ ከመላው አገሪቱ ስካውቶች መካከል አንድ ወጣት አብሮት እንዲሄድ ውድድር ተደረገ። የተመረጠው የ19 ዓመቱ ሳይፕል ነበር። ከዘመቻው ሲመለስ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1932 ከአሌጌኒ ኮሌጅ ተመረቀ። ከ1933 እስከ 1935 በተካሄደው ሁለተኛው የበርድ ዘመቻም በዋና የሥነ ሕይወት ባለሙያነት ተሳተፈ።

ወጣቱ አሳሽ በእነዚህ ዓመታት አንድ ነገር አስተዋለ። ቴርሞሜትሩ እኩል ሙቀት በሚያሳይባቸው ሁለት ቀናት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን በውጭ መሥራት ሲቻል፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ግን ፊትና ጣት በፍጥነት በውርጭ ይመታል። ሳይፕል አሳሾች ከአንታርክቲካ አየር ጋር ስለሚላመዱበት መንገድ ባዘጋጀው ጽሑፍ በ1939 ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ሲያገኝ፣ የነፋስ ቅዝቃዜ የሚለውን ስያሜ በዚሁ ጽሑፉ አስተዋወቀ።

ስያሜውን ወደ ልኬት ለመለወጥ የቻለው ከ1939 እስከ 1941 በቆየው ሦስተኛው ዘመቻ ነው። ሳይፕል የምዕራቡ ሠፈር ኃላፊ ሆኖ ሳለ ከሥነ ምድር ባለሙያው ከቻርልስ ፓሰል ጋር ቀላል ሙከራ አካሄደ። በፕላስቲክ ዕቃ ውኃ ሞልተው ከሠፈሩ ቤት ጣሪያ በላይ በነፋስ ፊት ሰቀሉትና፣ ውኃው በረዶ እስኪሆን የሚፈጀውን ጊዜ ከአየሩ ሙቀትና ከነፋሱ ፍጥነት ጋር እያስተያዩ መዘገቡ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰውነት በቆዳው ዙሪያ ያለውን ስስ አየር ያሞቃል፤ ነፋስ ሲነሣ ይህን ሙቅ አየር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሰውነትም ሙቀቱን ይበልጥ ያጣል። የሙከራው ውጤት በ1945 ታተመ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሳይፕል እውቀቱን ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የብርድ አልባሳት ጥናት አዋለው። በ1957 ደግሞ በደቡብ ዋልታ ላይ በተቋቋመው የአሙንድሰን ስኮት ጣቢያ የመጀመሪያው የሳይንስ መሪ ሆኖ፣ ከ17 ባልደረቦቹ ጋር ክረምቱን በዋልታው ላይ አሳለፈ። ከዚያ በፊት በዚያ ስፍራ የከረመ ሰው አልነበረም። ሳይፕል በ1968 በ59 ዓመቱ አረፈ።

የሳይፕልና የፓሰል ስሌት ለበርካታ ዓመታት ቢያገለግልም ጉድለት ነበረው። የፕላስቲክ ዕቃ እንደ ሰው ቆዳ አይደለም፤ በመሆኑም ብርዱን ከእውነታው አብልጦ ያሳይ ነበር። ይህን ለማረም በካናዳ ቶሮንቶ ስድስት ወንዶችና ስድስት ሴቶች በፈቃዳቸው፣ ፊታቸው ላይ የሙቀት መለኪያ ተደርጎላቸው በቀዝቃዛ የነፋስ ክፍል ውስጥ እንዲራመዱ ተደረገ። በዚህ ላይ የተመሠረተው አዲሱ ቀመር ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ ሥራ ላይ ውሏል።

ስሌቱን ለማከናወን የአየሩ ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ፣ የነፋሱ ፍጥነት ደግሞ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይወሰዳል። በመጀመሪያ የፍጥነቱ 0.16 ርቢ ይሰላል። ከዚያም 13.12 ላይ የሙቀቱና የ0.6215 ብዜት ይደመራል፤ የርቢውና የ11.37 ብዜት ይቀነሳል፤ በመጨረሻም የሙቀቱ፣ የርቢውና የ0.3965 ብዜት ይደመራል። ለምሳሌ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ርቢው 1.723 ይሆናል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ስለሆነ ከ13.12 ላይ 6.22፣ 19.59 እና 6.83 ይቀነሳሉ። ውጤቱ ከዜሮ በታች 19.5፣ ሲጠጋጋ ከዜሮ በታች 20 ነው። ቀመሩ የሚያገለግለው ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲያንስና ነፋሱ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ ነው።

በአገራችን እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ስፍራዎች የኅዳርን ውርጭና ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢነፍስ፣ ቆዳ የሚሰማው ብርድ ወደ 1 ዲግሪ ይጠጋል። ነገር ግን ነፋስ የትኛውንም ነገር ከአየሩ ሙቀት በታች አያቀዘቅዝም። በዚህ ምሳሌ አየሩ ከዜሮ በላይ ስለሆነ በቧንቧ ያለ ውኃ በነፋሱ ምክንያት በረዶ አይሆንም።

ወደ ቀዝቃዛ አገር የሚጓዙ ዜጎች ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱንም ቁጥሮች እንዲመለከቱ ይመከራል። የነፋስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 28 እና ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ጆሮን፣ አፍንጫንና ጣትን መሸፈን፣ ነፋስ የማያስገባ ልብስ ከላይ መደረብ፣ የረጠበ ልብስን ሳይዘገዩ መቀየር ያስፈልጋል። የቆዳ መደንዘዝ ወይም መንጣት ሲታይ ቆዳውን ሳያሹ ወዲያውኑ ወደ ሞቃት ስፍራ መግባትና የሕክምና ርዳታ መጠየቅ ይገባል።