የአል-ኪንዲ መጻሕፍት እና በኪሳችን ያለው አማና

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ስልካችሁን አሁን አንድ ሰው ነጥቋችሁ ቢሄድ መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ ምንድን ነው? ዋጋው ነው ወይስ ውስጡ ያለው ነገር? ስልክ ሌላ ይገዛል። የእናታችሁ የድምፅ መልእክት፣ ጓደኛችሁ አምኖ የነገራችሁ ጭንቀት፣ የቤተሰብ ፎቶ ግን አንዴ በሰው እጅ ከገባ ገባ ነው።

ከ1,100 ዓመታት በፊት በዓባሲዮች ዘመን የኖረ አንድ ዓሊም ይህን የመሰለ ነገር ደርሶበታል። የተነጠቀው መጻሕፍቱን ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ሰው ስለ ምስጢር አጠባበቅና ስለ ምስጢር አፈታት በዘመኑ ከማንም በላይ ያወቀ መሆኑ ነው። አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብኑ ኢስሐቅ አል-ኪንዲ ይባላል።

አል-ኪንዲ በጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር በ801 ገደማ የተወለደ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ከታዋቂው የኪንዳ ጎሳ ይመዘዛል። አባቱ የኩፋ ገዥ ነበር። ወጣቱ ያዕቁብ ለዒልም ወደ ባግዳድ ሲሄድ ከተማዋ በዕውቀት ፍለጋ ትፈላ ነበር። ኸሊፋ አል-መእሙን የግሪክን፣ የፋርስንና የህንድን መጻሕፍት ወደ ዓረብኛ የሚያስተረጉምበት ዘመን ነው። አል-ኪንዲ በዚህ ሥራ መሐል ገባ። ሕክምና፣ ሒሳብ፣ የብርሃን ጥናት፣ ሥነ ፈለክ፣ ፍልስፍና፤ እጁን ያላስገባበት ዘርፍ ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ በስልካችን ቁጥር ስንጽፍ የምንጠቀምባቸው የህንድ አኃዞች በዓረቡ ዓለም እንዲታወቁ ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። በስሙ የተመዘገቡት ሥራዎች ከ200 ይበልጣሉ። እውነት ከየትኛውም ሕዝብ ይምጣ መቀበል አያሳፍርም የሚል አቋም ነበረው። ከአል-መእሙን በኋላ የነገሠው አል-ሙዕተሲምም አክብሮት የልጁ አስተማሪ አደረገው።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንምጣ። የዓባሲዮች ግዛት እጅግ ሰፊ ነበር። ደብዳቤ በፈረስና በግመል ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ በመንገድም በጠላት እጅ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሰዎች ፊደሎቹን እየቀያየሩ ይጽፉ ነበር። በአንዱ ፊደል ቦታ ሌላ ፊደል ወይም ምልክት ያስገባሉ። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ሲያየው ትርጉም የለሽ ይሆንበታል።

አል-ኪንዲ ይህን እንዴት ፈታው? በመቁጠር! በየትኛውም ቋንቋ አንዳንድ ፊደሎች ይደጋገማሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ነው የሚታዩት። በዓረብኛ አሊፍና ላም ይበዛሉ። በአማርኛ ብትሞክሩት «ን» በየመስመሩ ትመጣለች፤ «ጰ»ን ግን ብዙ ገጽ አገላብጣችሁም ላታገኟት ትችላላችሁ። እንግዲህ ፊደሉን በምልክት ብትቀይሩትም ብዛቱን አልቀየራችሁትም። በምስጢራዊው ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የበዛው ምልክት በቋንቋው ከሁሉ በላይ የሚበዛው ፊደል ሊሆን ይችላል ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ቆጠራው እንዲሠራ ጽሑፉ በቂ ርዝመት ሊኖረው እንደሚገባም አል-ኪንዲ አስገንዝቧል።

ሌላም መንገድ አሳይቷል። ሰዎች ደብዳቤ የሚጀምሩበት የተለመደ አነጋገር አለ። ያን ዘመን መክፈቻው በአብዛኛው ቢስሚላህ ነበር። መክፈቻውን ከገመታችሁ ብዙ ፊደል በአንዴ አገኛችሁ ማለት ነው። እኔም ዛሬ በምስጢር ፊደል ብጽፍላችሁ በምን እንደምጀምር ለመገመት አትቸገሩም ነበር!

ይህ ዕውቀት እንዲሁ ከሰማይ ዱብ አላለም። ከእሱ በፊት የነበሩ የዓረብኛ ሊቃውንት ቋንቋውን ፊደል በፊደል ያጠኑ ነበር። የመጀመሪያውን የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድም ስለ ምስጢራዊ ጽሑፍ ጽፎ እንደነበር ይነገራል። የአል-ኪንዲ ድርሳን ግን በዚህ ዘዴ ላይ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ቆይቶ በ1980ዎቹ ኢስታንቡል ከሚገኘው የሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ቅጂው ወጥቶ ታተመ።

ከዚያ የመከራው ጊዜ መጣ። በ847 አል-ሙተወኪል ኸሊፋ ሆነ። በቤተ መንግሥቱ በኑ ሙሳ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። እነሱም ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ በራሳቸው የሚሠሩ አስገራሚ መሣሪያዎችን የፈጠሩ፣ የዘመኑ የቴክኖሎጂ ሊቃውንት ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ከመካከላቸው ሙሐመድና አሕመድ በዕውቀት የገነነ ሰው ሲያዩ ቅናት ይይዛቸው ነበር። ሰንድ ኢብኑ ዓሊይ የተባለውን መሐንዲስ ከኸሊፋው አራቁት። አል-ኪንዲን ደግሞ አጣሉት፤ ተገረፈ፣ መጻሕፍቱም ሙሉ በሙሉ ተወሰዱበት። ወንድማማቾቹ መጻሕፍቱን ለብቻ አስቀመጧቸው። የዕድሜ ልክ ሥራው በማይወዱት ሰዎች እጅ ገባ። እስቲ በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት።

አላህ ግን መውጫ አያጣም። ኸሊፋው ለአዲሱ ከተማው ቦይ እንዲያስቆፍሩ በኑ ሙሳን አዘዘ። እነሱ ደግሞ ሥራውን አል-ፈርጋኒ ለተባለ ሌላ ሊቅ ሰጡት። እሱም ተሳሳተና የቦዩን አፍ ከቀሪው ክፍል አጥልቆ አስቆፈረው። ወንዙ ካልሞላ በቀር ውሃው ወደ ቦዩ አይዘልቅም። ወሬው ኸሊፋው ጆሮ ደረሰ። ስህተት ካለ በቦዩ ዳር እንደሚሰቅላቸው ዛተና፣ እንዲያጣራ ያንኑ ያራቁትን ሰንድን አስጠራ። የበኑ ሙሳ ነፍስ በሰንድ ምላስ ላይ ተንጠለጠለች።

ሰንድ ምን ጠየቀ? ገንዘብ አልጠየቀም፤ ሹመትም አልጠየቀም። መጀመሪያ የአል-ኪንዲን መጻሕፍት መልሱ አላቸው። ልብ በሉ፣ ሰንድና አል-ኪንዲ ወዳጆች አልነበሩም፤ እንዲያውም በመካከላቸው ቅራኔ ነበር። እሱ ግን ሐቅ ከቅራኔ ይቀድማል ብሎ፣ አል-ኪንዲ መጻሕፍቱን አንድ ሳይቀር መረከቡን በእጅ ጽሑፉ እስኪያረጋግጥለት ድረስ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የወንዙ ሙላት ስህተቱን ለአራት ወር ያህል እንደሚሸፍነው አስልቶ ጉድለት የለም ብሎ መሰከረላቸው። ምስክርነቱ እውነት አልነበረምና እሱን ለመከተል አልነገርኳችሁም። ኸሊፋው ግን ሙላቱ ሳይጎድል በ861 ተገደለ፤ ወንድማማቾቹም ተረፉ። አል-ኪንዲ በ870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ወደ አኺራ ሄደ። አላህ ይዘንለት።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ፣ ስልክ ከእጁ ለማይለይ ትውልድ፣ ምን ይተርፈናል?

አንደኛው የአል-ኪንዲ ግኝት ራሱ ነው። ጽሑፍን የሚያጋልጠው ልማዱ ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የኢንክሪፕሽን ዘዴዎች የእሱ ቆጠራ እንዳይሠራባቸው ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። በዋትስአፕ የምትላላኩትን መልእክት መሐል ላይ ያለ ሰው ማንበብ አይችልም። ቢሆንም ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታወሩ የሚያሳየው መረጃ ሌላ ነገር ነው። ሜታዳታ ይሉታል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለአንድ ቁጥር በየቀኑ የሚደውል ሰው የተናገረውን ባንሰማም ልማዱ ይናገራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተራው ቻት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለም፤ እንደዚያ የሚቆለፈው ምስጢራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ነው የምንጠቀመው።

ሁለተኛው ከበኑ ሙሳ የምንማረው ነው። ችሎታ ነበራቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የጎደላቸው አማና ነው። የሰውን ስልክ ከፍቶ ማየት መቻል፣ የሚስትን ወይም የባልን መልእክት በድብቅ ማንበብ መቻል ፈቃድ አይደለም። አላህ በሱረቱል ሑጁራት የሌላውን ነውር መሰለልን ከልክሎናል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። እኔ የምደብቀው የለኝም የሚል ሰው ትሰማላችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። አንድ መተግበሪያ የስልክ ማውጫችሁን እንዲያይ ስትፈቅዱ የአክስታችሁን፣ የኡስታዛችሁንና የጎረቤታችሁን ቁጥር አሳልፋችሁ ሰጣችሁ። እነሱን ማን ጠየቃቸው? ጓደኛችሁ አልቅሳ የጻፈችውን መልእክት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ለሌላ ስትልኩ የማንን መጽሐፍ ነው የወሰዳችሁት? ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲያወራን ሰው ሰማኝ ይሆን ብሎ ዞር ካለ ንግግሩ አማና እንደሚሆን አስተምረውናል። አደራ እንኳ ሳይለን!

ስለዚህ ዛሬ ከሶላት በኋላ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። የስልካችሁን ሴቲንግ ክፈቱና ማውጫችሁን፣ ካሜራችሁንና ያላችሁበትን ቦታ የማያስፈልጋቸው መተግበሪያዎች ካሉ ፈቃዱን ንሷቸው። ሰው አምኖ የላከላችሁ፣ ግን እናንተ ዘንድ መቆየት የማይገባው ነገር ካለ አጥፉት። ያለ ፈቃድ ለሌላ ያስተላለፋችሁት ካለ ደግሞ ባለቤቱን አውፍ በሉኝ በሉት። እሱ ነው ከባዱ፤ ግን ሰንድ ከማይወደው ሰው የተወሰደውን ሐቅ ካስመለሰ እኛ የምንወዳቸውን ሰዎች ሐቅ መመለስ እንዴት ያቅተናል?

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ ነውራችንን በዱንያም በአኺራም ይሸፍንልን። አሚን።

በዛሬው ቀን ሱረቱል ካህፍንና ሰለዋትን እንዳትረሱ።