ስመ ጥሩው ታጋይ ጆርጅ ሐከንሽሚት

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ የነገሥታት፣ የጦር አበጋዞችና የሊቃውንት ታሪክ ሲጻፍ አይቻለሁ። እኔ የአንድ ታጋይ ታሪክ ለመጻፍ በተነሣሁ ጊዜ ግን አንዳንድ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ለመሳቃቸውም ምክንያት አላቸው፤ በሶዶ ከተማ ነጻ ትግል ማለት በሻይ ቤት ቴሌቪዥን የሚታይ፣ አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ትርኢት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ያንን የሚያብረቀርቅ የሻምፒዮን ቀበቶ እያየ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ባለማዕረግ የሆነው ማን እንደነበረ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። መልሱን ስፈልግ ነው ጆርጅ ሐከንሽሚትን ያገኘሁት። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሐከንሽሚት በ1877 ዶርፓት በምትባል ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ ታርቱ የምትባለው የኤስቶኒያ ከተማ ስትሆን፣ በዚያ ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። ኋላ የሩሲያው አንበሳ የተባለውም ስለዚህ ነው እንጂ ዘሩስ ከባልቲክ ጀርመኖች ነው። አባቱ የጨርቅ ማቅለሚያ ድርጅት ነበረው። ልጁ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ምሕንድስና ለመለማመድ ዛሬ ታሊን በምትባለው በሬቫል ከተማ ፋብሪካ ገባ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን በስፖርት ክበብ ብረት ያነሣና ይታገል ነበር። በ1896 ጊዮርግ ሉሪክ የተባለ የአገሩ ሰው ገጠመውና ጣለው። የሉሪክን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዕድሉ የተከፈተለት በሕመም ምክንያት ነው። ወደ ሐኪም በሄደ ጊዜ፣ ከሴንት ፒተርስበርግ የመጡ ክራየቭስኪ የሚባሉ ስመ ጥር ሐኪም የሰውነቱን አቋም አይተው ተደነቁ፤ ወደ ከተማቸውም ጠርተው በገዛ ቤታቸው አኖሩት። እዚያም በቀን ስድስት ሊትር ያህል ወተት ይጠጣ ነበር ይባላል። እኛ የወላይታ ልጆች ወተትና ቅቤ የጉልበት ምንጭ ነው እየተባልን ያደግን ስለሆንን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንብንም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን እንግዳ ለመመገብ በአያቴ ደጅ ያሉት ላሞች ሁሉ የሚበቁ አይመስለኝም። በ1898 በአንድ እጁ 122 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሣ፤ ይህም ከአንድ ኩንታል ጤፍ የሚበልጥ ነው። በዚያው ዓመት ቪየና ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ትግልን መተዳደሪያው አደረገና በ1902 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። እዚያ አንድ ችግር ገጠመው፤ ተጋጣሚዎቹን ቶሎ ቶሎ ይጥላቸው ስለነበር ገንዘብ ከፍሎ የገባው ሕዝብ ገና ሳይቀመጥ ጨዋታው ያልቃል። በ1904 ሎንደን ውስጥ አሕመድ ማድራሊ የተባለውን ግዙፍ ቱርክ በ44 ሰከንድ ሲጥለው ክንዱ ከመገጣጠሚያው ወለቀ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ኮክራን ከደካሞች ጋር በሚገጥምበት ጊዜ ጨዋታውን እንዲያራዝምና ሕዝቡን እንዲያስደስት መከረው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ዛሬ በሻይ ቤት የምናየው ትርኢት ዘር የተዘራው በዚህ ምክር ነው።

ሜይ 4 ቀን 1905 ኒውዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከአሜሪካው ሻምፒዮን ከቶም ጄንኪንስ ጋር ገጠመ። ጄንኪንስ አንድ ዓይኑ የማያይ፣ ቀድሞ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ብርቱ ሰው ነው። ሐከንሽሚት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ጣለውና የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተባለ። ለወንድሜ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፤ የማዕረጉን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህች ቀን ነው።

ማዕረጉ በእጁ የቆየው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ፍራንክ ጎች የሚባል የአይዋ ገበሬ ልጅ ኤፕሪል 3 ቀን 1908 ቺካጎ ላይ ተገናኘው። ሐከንሽሚት ንቆት ኖሮ በሚገባ አልተለማመደም ነበር። ሁለቱም ቆመው ሲገፋፉ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ፤ ሁለተኛውም ሰዓት ተጨመረ። ጎች በግንባሩ ይገጨው፣ በጣቱ ፊቱን ይጫነው ነበር፤ ገላውንም ዘይት ተቀብቷል እያለ ሐከንሽሚት ለዳኛው አቤት አለ፤ ዳኛው ግን አልተቀበሉትም። እኩል እንዲባሉ ቢጠይቅ ጎች እምቢ አለ። በመጨረሻ ጎች ከኋላው ይዞ ከመሬት ባደባለቀው ጊዜ እጁን ሰጠ፤ ለሁለተኛው ዙር ሳይመለስም ማዕረጉን ለቀቀ። በዚያው ሰሞን የጎችን ጀግንነት በአደባባይ አመሰገነ፤ ከአሜሪካ ከወጣ በኋላ ግን ቃሉን ለውጦ ተታለልኩ ማለት ጀመረ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ቅር አለኝ፤ ወቀሳው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ምስጋናውን ባያስቀድም ይሻለው ነበር።

ሁለተኛው ግጥሚያቸው ሴፕቴምበር 4 ቀን 1911 በዚያው በቺካጎ በኮሚስኪ ፓርክ ሜዳ ሆነ። ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ከመግቢያም 87,000 ዶላር ያህል ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሐከንሽሚት አልናቀም፤ ነገር ግን በልምምድ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። ግጥሚያው ቢቀር ይወድ ነበር፤ ትኬቱ ግን ተሸጧል፣ ሕዝቡም መጥቷል። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ስላስገደዱ ውርርድ ሁሉ የተሻረ መሆኑ ተነገረና ወደ መድረክ ወጣ። ጎች ሁለት ጊዜ በተከታታይ ጣለው፤ ሁለቱም ውድቀት ተደምሮ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

በዚህ ስፍራ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ግድ ሆኖብኛል። ባለፈው ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ውድድር እኔ ተከላካይ ነበርኩ። ከጨዋታው ሦስት ቀን አስቀድሞ ጉልበቴ ተጠማዞ ሳለ ለማንም ሳልናገር በጨርቅ አስሬ ገባሁ። ከዕረፍት በኋላ መሮጥ ተሳነኝ፤ ሁለት ጎል በእኔ በኩል ገባና ተሸነፍን። ጨርቁን ስፈታ ያዩኝ ጓደኞቼን ያስቆጣቸው ሽንፈቱ ሳይሆን መደበቄ ነበር። የሐከንሽሚትን ታሪክ ለአባቴ ባነበብኩላቸው ጊዜ እሳቸው ደገፉት፤ ያን ያህል ሕዝብ ጠርቶ መቅረት ነውር ነው፣ ውል የፈረመም ሰው ይወጣል ይላሉ። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው ገንዘቡን የከፈለው አንድ እግር ያለውን ሰው ለማየት አይደለም እላለሁ።

ጎች ማዕረጉን ለማንም ሳይለቅ ቆየ። በ1913 በመጨረሻ ግጥሚያዎቹ በአንዱ የጣለው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ ሐከንሽሚትን በወጣትነቱ የጣለው ጊዮርግ ሉሪክ ነው። ጎች ራሱ በ1917 ገና በ40 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማዕረጉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ሲከፈልና ሲበዛ ኖረ፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚገኙ ከአንድ በላይ ቀበቶዎች የዘር ሐረጋቸውን ወደ 1905 ይስባሉ። ጥቁሮች ግን በዚህ ሐረግ ለመግባት ረጅም ዘመን ፈጅቶባቸዋል፤ በሰፊው የታወቀ ጥቁር የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የታየው በ1992 ሮን ሲመንስ ባሸነፈ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሬጂናልድ ሲኪ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ታጋይ የሐበሻ ሰው ነው እየተባለ ለሕዝብ ይቀርብ ነበር። አገራችንን አይቶ ባያውቅም ስሟ ለትኬት መሸጫ አገልግሏል።

ሐከንሽሚት ከ1911 ሽንፈት በኋላ ወደ ትልቅ ግጥሚያ አልተመለሰም። ማዕረጉን ከለቀቀ በኋላ ግን 60 ዓመት ያህል ኖረ፤ ታሪኩን ስጽፍ ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው። ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ከጻፈው መጽሐፍ ሌላ ስለ ሰው አእምሮና ስለ ፍጥረት የሚመራመሩ መጻሕፍት ደረሰ። በ1939 ፈረንሳዊ፣ በ1950 ደግሞ እንግሊዛዊ ዜግነት አገኘ። ሸምግሎም ከወንበር በላይ እየዘለለ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር ይባላል። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1968 ሎንደን ውስጥ በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

ዘንድሮ በዚያው ውድድር ዋዜማ ጉልበቴ እንደገና አመመኝ፤ ለመምህራችን ነገርኳቸው። ጨዋታውን ከመስመር ውጭ ተቀምጬ ተመለከትኩ። በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ከእኔ ያነሰ ሯጭ ነው፤ ያም ሆኖ በእሱ በኩል አንድም ጎል አልገባብንም፤ ይህንንም ደስ እያለኝም እየከፋኝም አየሁ። አባቴ አሁንም ሐከንሽሚት ወደ መድረክ መውጣቱ ትክክል ነበር እንዳሉ ናቸው።