ለሌሎች ታሪክ መልክ የሰጠ ሠዓሊ

ዮሺፉሚ ኮንዶ በጃፓን አገር፣ በኒጋታ ጠቅላይ ግዛት፣ በጎሰን ከተማ በ1950 ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1968 ኤ ፕሮዳክሽን በሚባል የሥዕል ፊልም ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ኋላም ከኢሳኦ ታካሃታና ከሃያኦ ሚያዛኪ ጋር በዚያው ተገናኘ።

የሥዕል ፊልም ተዋናይ የለውም። ፊቱም፣ አረማመዱም፣ እንባውም የሚወጣው ከእርሳስ ነው። የኮንዶ ሙያ ይኸው ነበረ፤ የገጸ ባሕርያቱን መልክ ይነድፋል፣ ሌሎች ሠዓልያን የሠሩትንም እያረመ አንድ መልክ ያስይዘዋል። በ1979 በቴሌቪዥን የታየችውን ባለ ቀይ ጠጉሯን አንን የነደፋት እሱ ነው። በ1988 የወጡት ሁለት የጊብሊ ፊልሞች ባንድ ጊዜ ሲዘጋጁ፣ ታካሃታም ሚያዛኪም ኮንዶን ለየራሳቸው ፈለጉት። እሱ ከታካሃታ ጋር ሆነና በጦርነት ዘመን በረሃብ ያለቁትን ወንድምና እኅት ሣለ።

የራሱን ፊልም ያዘጋጀው በ1995፣ በ45 ዓመቱ ነው። የፊልሙ ታሪክ የመጻፍ ተሰጥዎ እንዳላትና እንደሌላት ለማወቅ ራሷን ስለምትፈትን አንዲት ተማሪ ነው። ፊልሙ ተወደደ፤ ኮንዶም የሁለቱ ታላላቆች ወራሽ ይሆናል ተባለ። ዳሩ ግን በጥር 1998 ታላቁ የደም ሥሩ ተሰንጥቆ በ47 ዓመቱ ሞተ። ብዙዎች ለሞቱ የሥራ ብዛትን ምክንያት ያደርጋሉ።

እኛ ከሲኒማ ስንወጣ የአዘጋጁን ስም ብቻ ይዘን እንወጣለን። በዚህ ሚዛን ኮንዶ የአንድ ፊልም ሰው ነው። የምናስታውሳቸው ፊቶች ግን የእሱ ናቸው።