ፈረሰኛው ኮሎኔል ቻርልስ ያንግና የተዉት ቤት

ዘንድሮ ለመጽሔታችን የምናቀርበው የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ፈረሰኛ ታሪክ ነው። የሩቅ አገር ሰው ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን መጨረሻው የእኛን የቀብር ጉዳይ በቀጥታ ስለሚነካ ታግሣችሁ አንብቡልን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሎኔል ቻርልስ ያንግ በ1864 በኬንታኪ፣ ሜይስ ሊክ በተባለች መንደር፣ በባርነት ከነበሩ ወላጆች ተወለዱ። አባታቸው አምልጠው በሰሜኖቹ ጦር መድፈኛ ክፍል ገብተዋል። ልጅየውም በ1889 ዌስት ፖይንት ከሚባለው የጦር ትምህርት ቤት በመኮንንነት ተመረቁ፤ ከጥቁሮች ሦስተኛው መሆናቸው ነው። አራተኛው እስኪመረቅ 47 ዓመት አለፈ። እንግዲህ ኑሮው ምን ይመስል እንደነበር ገምቱት።

ሥራ የጀመሩት ጥቁሮች ብቻ በሚያገለግሉበት በ9ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ሲሆን፣ በምዕራብ ጠረፍ በነብራስካና በዩታ ምሽጎች ቆይተዋል። በ1903 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሴኮያን ብሔራዊ ፓርክ በኃላፊነት ይዘው፣ ጋሪ ወደ ትልልቆቹ ዛፎች የሚደርስበትን መንገድ ከወታደሮቻቸው ጋር ሠርተው ጨረሱ። ያገሬው ሰው ደስ ብሎት አንድ ዛፍ በስምዎ እንሰይም ቢላቸው እምቢ አሉ። ዛፉ በሌላ ሰው ስም ተጠራ፤ በእርሳቸው ስም የተሰየመው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

በላይቤሪያ የድንበር ጦር በማደራጀታቸው በ1916 ስፒንጋርን የሚባለውን የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ዘመቻ በ10ኛው ፈረሰኛ ውስጥ ሆነው፣ የተከበበ የነጮች ጦር ደርሰው አስጣሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተሠርቶ በ1917 ጄኔራል ሊሆኑ ነው ሲባል፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም አለብዎ ተብለው በጡረታ ተሰናበቱ። ሕመሙ ውሸት አልነበረም፤ ግን ከጥቁር አዛዥ ሥር መሆን ያስከፋቸው ነጭ መኮንኖች አቤቱታም ከበስተጀርባው ነበረበት። እርሳቸው ምን አደረጉ? በሰኔ 1918 ኦሃዮ ውስጥ ከምትገኘው ከዊልበርፎርስ ተነሥተው እስከ ዋሽንግተን 497 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በፈረስና በእግር በ16 ቀን ገቡ። የ54 ዓመት ሰው ናቸው እኮ! ወደ ሥራ የመለሷቸው ግን ጦርነቱ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው ነው።

በ1920 እንደ ገና ወደ ላይቤሪያ ተላኩ። ለሥራ ናይጄሪያ ሄደው ሳለ ኩላሊታቸው ጠናባቸውና ጥር 8 ቀን 1922 ሌጎስ ላይ ዐረፉ። እንግሊዞች በወታደር ሥነ ሥርዓት እዚያው ቀበሯቸው። አስከሬን ከባዕድ አገር ለማምጣት ደጅ የጠና ቤተሰብ ያለበት አባል የባለቤታቸውን የወይዘሮ አዳን ነገር ይረዳዋል። ባል ሞቶ ለቅሶ አለ፤ አስከሬን ግን የለም። በዚያ በእንግሊዝ ሕግ የተቀበረ አስከሬን ዓመት ሳይሞላው አይነሣም ነበርና መጠበቅ ግድ ሆነ። ዓመቱ ሞልቶ ወጣ፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ ሰኔ 1 ቀን 1923 አርሊንግተን በሚባለው የወታደሮች መካነ መቃብር ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በክብር አረፈ። በዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ያላችሁ መቃብራቸውን ማየት ትችላላችሁ።

የቀረውን ንብረት በተመለከተ፣ ኮሎኔሉ ፒያኖና ቫዮሊን የሚጫወቱ፣ የሚጽፉ ሰው ስለ ነበሩ ከቤታቸው የተገኘው የጦር ዕቃ ብቻ አልነበረም። ወረቀቶቻቸውና የግል ዕቃዎቻቸው በዊልበርፎርስ ባለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። መኖሪያ ቤታቸውም በ2013 ብሔራዊ ቅርስ ሆነ። የተከለከሉትን የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ በ2022፣ በሞቱ በመቶ ዓመታቸው አገኙ፤ ወይዘሮ አዳ ግን አላዩትም።