ዐፄ ቴዎድሮስና የደም ዕዳ

ትምህርት ቤታችን የመርካቶ ጎረቤት ነውና ጠብ ለእኛ ለተማሪዎቹ እንግዳ ነገር አይደለም። በእህል በረንዳ ተሸካሚና ነጋዴ በዋጋ ሳይስማሙ ቀርተው ከቃል ወደ ዱላ ሲሻገሩ ብዙ ጊዜ አይተናል። ነገር ግን ዘወትር የሚያስደንቀን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አንድ መንገደኛ ሽማግሌ በመካከላቸው ገብተው በሕግ አምላክ ሲሉ የተነሣው ዱላ ሳያርፍ መመለሱ ነው። ሽማግሌው ጉልበት የላቸውም፤ መሣሪያም አልያዙም። ታዲያ የዚያን ጎልማሳ እጅ የያዘው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በዚህ የበዓል መጽሔት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የሚቀመጠው ንጉሥ ስሙ ብቻ ቀርቶ ሥልጣኑ በየአገሩ መሳፍንት እጅ ገብቶ ነበር። ወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረው የገበሬውን እህልና ከብት እየዘረፈ ይኖር ነበር፤ የተዘረፈውም ገበሬ ማረሻውን ጥሎ እርሱ ራሱ ወታደር ወይም ሽፍታ ይሆን ነበር። ካሣ በልጅነታቸው በገዳም ሲማሩ ጦር መጥቶ ገዳሙን እንዳቃጠለ፥ ብዙ ተማሪዎች ሲገደሉ እርሳቸው እንዳመለጡ ይተረካል። እንግዲህ ፊደልና ሰይፍን ያወቁት በአንድ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

ካደጉም በኋላ በቋራ በረሃ ሸፈቱ፤ ተከታያቸውም እየበዛ ሄደ። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፥ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉ። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ካደረጉ በኋላ፥ የካቲት 5 ቀን በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

አዲሱ ንጉሥ የጠቡን ምንጭ ለማድረቅ አሰቡ። ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወታደሩ ከዘረፋ ይልቅ በደመወዝ እንዲኖር ሞከሩ፤ የባሪያ ንግድንም ከለከሉ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ስለ ነፍሰ ገዳይ ያደረጉት ነው። በድሮው ልማድ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥና እነርሱ ራሳቸው ይገድሉት ነበር። ያም ደም ሌላ ደም እየጠራ ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ ሽረው ቅጣቱ በመንግሥት እጅ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን የሟች ወንድም ጦሩን እንዲሰቅል ምክንያት ሆነው።

ከዚህ በኋላ ግን ኀዘን በንጉሡ ላይ ተደራረበ። የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በሽፍቶች ተገደለ፤ ሌላው ወዳጃቸው ጆን ቤልም በ1853 ዓ.ም. በጦርነት ላይ ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ወዳጆቻቸው ደም ከተማረኩት ብዙዎችን አስገደሉ። ደም መመለስን ለሕዝቡ የከለከሉት ንጉሥ የራሳቸውን ደም በራሳቸው እጅ መለሱ። በሕግ አምላክ ብሎ ሊያቆማቸው የሚችል ሰው አልነበረምና።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ቁልቁል ሄደ። ዐመፅ በየአገሩ ተነሣ፤ ግብር የሚከፍል አውራጃ እያነሰ ሲሄድ ወታደሩ ወደ ዘረፋው ተመለሰ። ጎንደር ራሷ በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጠለች። የወንጌል ሥራ ሊሠሩ የመጡ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎች በጋፋት መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ትልቁም መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። በ1860 ዓ.ም. የታሰሩትን አውሮጳውያን ለማስፈታት የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ፥ በሕማማት ሳምንት ንጉሡ በቁጣ ከ100 በላይ የሚሆኑ የአገራቸውን ሰዎች፥ በእስር የነበሩትን፥ አስገደሉ። በማግስቱ በስቅለት ቀን ጦራቸው በአሮጌ ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀንም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ።

እኛ ዐፄ ቴዎድሮስን እንወዳለን፤ ስለ ጀግንነታቸው የሚናገር ተውኔት ሲታይ ከሁሉ አብልጠን የምናጨበጭበው እኛ ነን። ነገር ግን ታሪካቸውን ስንመረምር አንድ ነገር ተረዳን። ሐሳባቸው ትክክል ነበር፤ ሕጉ ግን ከእርሳቸው በታች እንጂ ከእርሳቸው በላይ አልነበረም። በአንድ ሰው ክንድ የቆመ ሰላም ያ ሰው የተቆጣ ዕለት ይፈርሳል። በሌላ በኩል በብዙ የአገራችን ክፍል ሽማግሎች የገዳይንና የሟችን ወገን አቀራርበው፥ ካሣ አስከፍለውና አስምለው ደሙን ያደርቃሉ። የንጉሡ የልጅነት ስም ካሣ መሆኑ ያሳስበናል። ስማቸው ዕዳን ያለ ደም የመክፈያውን መንገድ ይናገር ነበር።

ይህን የምንለው ለሌላው ለመስበክ አይደለም። ባለፈው ዓመት በእግር ኳስ ጨዋታ አንድ ጓደኛችን በሌላ ክፍል ተማሪ ተመትቶ ጥርሱ ተሰበረ። ከትምህርት በኋላ ድንጋይ ይዘው በር ላይ ከቆሙት መካከል እኛም ነበርን፤ ከወዲያ ማዶም እንደዚሁ ድንጋይ የያዙ ነበሩ። ሽማግሌው ዘበኛ መጥተው በሕግ አምላክ አሉ። ድንጋዩን የጣልነው ዘበኛውን ፈርተን አልነበረም። ከወዲያ ያሉትም ያንኑ ቃል ሰምተው ሲጥሉ ስላየን ነው። በኋላም የመቺው አባት የጥርሱን ማሳከሚያ ከፈሉ፤ ሁለቱም ዛሬ በአንድ ቡድን ይጫወታሉ።

እንግዲህ የመርካቶውን ጎልማሳ እጅ የያዘው ይህ ነው፤ ባላጋራውም በዚያው ቃል መታሰሩን ያውቃል። ከእኛ በኋላ በዚህ በር የምትገቡ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ይህን ቃል በቀልድ አትጥሩት።